የአዋጅ ነጋሪው የአያ ሙጬ መነሻ

አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ አዝዬ ነው። ደብዳቤ እንኳ ስጽፍ እጄ ይፈራል። የተማረ ሰው በሞላበት አገር እኔ ብዕር ማንሳቴ ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አያ ሙጬን የሚያውቁ ሰዎች እያለቁ ነው፤ የጻፈላቸውም የለም። የቤታቸውን ነገር የነገረችኝ ሚስታቸው ቻይነሽ ናት፤ እሷና እኔ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነው "ሀ" ያልን። የቀረውን ገበያው ውስጥ ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁ። ፊደል ቢሳሳት፣ ነገርም ቢደጋገም፣ አንባቢ እንደ እህት ይለፈኝ።

አያ ሙጬ የቡሬ ገበያ አዋጅ ነጋሪ ነበሩ። ቀጭን፣ አንገተ ረጅም ሰው ናቸው፤ ያ ሁሉ ድምፅ ከየት እንደሚወጣ ላያቸው ይገርማል። ቤታቸው ውስጥ ዝምተኛ ነበሩ። ቻይነሽ "ጨው አምጪ ለማለት እንኳ እጃቸውን ነው የሚዘረጉ" ትላለች። ቅዳሜ ግን ከዋርካው ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ ሲወጡ ሌላ ሰው ይሆናሉ። በቅሎ የጠፋበት፣ ጊደሩ ከሰው ከብት ጋር ተቀላቅላ የሄደችበት፣ መንግሥትም ያዘዘው እንደሆን፣ ሁሉም የሚሰማው በእሳቸው አፍ ነው። አባታቸው ከአዊ ወገን ስለነበሩ በአማርኛ የለፈፉትን መልሰው በአገውኛ ይለፍፉታል። ከአንከሻ በኩል የመጣው ገበያተኛ ሳይሰማ አይሄድም።

መነሻቸው አንዲት ነበረች። ከአባታቸው የወረሷት ናት፤ አባታቸውም ከአባታቸው። ግራ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና፣

"ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የማርያምን ጠላት መስሚያ ይንሳው!" ይላሉ።

ይህን ጊዜ ገበያው ቀጥ ይላል። ጤፍ የሚሰፍረው ቁናውን እንዳጋደለ፣ የሚጨቃጨቀውም አፉን እንደከፈተ ይቆማል። ማርያም ያልተጠራችበት ነገር ወሬ ነው እንጂ አዋጅ አይደለም ይባል ነበር።

እስላሙም ክርስቲያኑም ነበር የሚቆመው። ከድንጋይዋ አጠገብ እንድሪስ የሚባል ጨው ነጋዴ ነበር። አያ ሙጬ ጨርሰው ሲወርዱ ሁልጊዜ ይተነኩሳቸዋል።

"አያ ሙጬ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እኔን ይረግሙኛል አይደል?"

"አንተን? እኔ የማርያምን ጠላት ነው ያልሁ።"

"እንግዲያማ የለሁበትም። መርየምን እኛስ መቼ ጠላናት!"

"ካልጠላሃትማ መስሚያህ አልተነሳም። ሚዛንህን ግን አስተካክል።"

እንዲህ እየተባባሉ ብዙ ዓመት ኖሩ።

ነገሩ የተበላሸው በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት ነው። ሰንሰለት የታጠቀ አንድ ባህታዊ፣ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሳይኖር፣ ገበያው መሀል ቆሞ ሰበከ። ስለ ንስሐ ተናግሮ ቢያበቃ ደግ ነበር፤ እሱ ግን ተሻግሮ የሰው ሃይማኖት ውስጥ ገባ። በሳምንቱ ደግሞ ከሌላ አገር የመጣ አንድ ሸህ እዚያው ቦታ ላይ ቆሞ መልስ ሰጠ። ባህታዊውም አልሄደም ኖሯል፤ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። "ሰደብኸን"፣ "አንተ ነህ የሰደብኸን" ሲባባሉ ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለና ዱላ ተነሳ። የእንድሪስ ጨው ተረጋገጠ። በነገሩ ውስጥ እጁ የሌለበት፣ ማሰሮ ሊሸጥ የመጣ ወልደ ዮሐንስ የሚባል ሰው አናቱን ተመትቶ ወደቀ። ደሙን በጋቢያቸው የያዙለት አያ ሙጬ ናቸው። ሰውየው ነፍሱ ተረፈች፤ አንድ ዓይኑ ግን ከዚያ ወዲያ ብርሃን አላየችም። ከዚያ ቀን በኋላ ጎረቤት ለጎረቤት "እንዴት አደርህ" ሲል እንኳ ዓይኑን ሰበር ማድረግ ጀመረ።

ኅዳር አጋማሽ ካለፈ በኋላ አንድ ዓርብ ከሰዓት የቀበሌው ሊቀ መንበር ስዩም አያ ሙጬን አስጠራቸው። ስዩም ልጅ እግር ነው። የአባቱ ላም ጠፍታ በነበረ ጊዜ ለፍፈው ያስገኙለት አያ ሙጬ ስለሆኑ እሳቸው ፊት ሲሆን ሹመቱን እየረሳ ይቸገር ነበር።

"አያ ሙጬ፣ ነገ ከባድ አዋጅ አለዎት" አላቸው።

"የከብት ነው የሰው?"

"የሃይማኖት።"

ነገራቸው። ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ አጥር ውጭ፣ በገበያም በመንገድም፣ ማንም ሰው በማንኛውም ሃይማኖት መስበክ፣ በሃይማኖት መከራከር፣ የቅዱሳንን ስም እየጠራ ሕዝብ መሰብሰብ ክልክል ሆኗል። ይህን የጣሰ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ተይዞ ወደ ፍኖተ ሰላም ይላካል።

አያ ሙጬ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ደግ አዋጅ ነው። ቀደም ብሎ ወጥቶ ቢሆን የወልደ ዮሐንስ ዓይን ባልጠፋች።"

"ነገ ደግሞ ከአውራጃው ሰው ይመጣል። ቆሞ ይሰማዎታል። እና... ያችን መነሻዎን ይተዋሉ።"

"መነሻዬ ምን አደረገች?"

"ኧረ አያ ሙጬ! አዋጁ በቅዱሳን ስም ሕዝብ አትሰብስቡ እያለ እርስዎ በማርያም ስም ሕዝብ ሰብስበው ሊነግሩት ነው?"

አያ ሙጬ ይህን አላሰቡትም ነበር። ቆብ የሌለውን ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉ። "ታዲያ በምን ልጀምር?"

"'ኢትዮጵያ ትቅደም' ይበሉ።"

"ትቅደም፤ ማን ከልክሏት። ሰው ግን ይቆማል?"

"ይቆማል!" አለ ስዩም። ድምፁ ግን ራሱንም ያሳመነ አይመስልም። ከዚያ ወደ በሩ አየና ዝቅ ብሎ፣ "አያ ሙጬ፣ እነዚያን አምና የተወሰዱትን የጴንጤ ልጆች ያስታውሱ። እነሱ ቤት ዘግተው ነው የዘመሩ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሱም። እርስዎ የሚቆሙት ገበያ መሀል ነው። ለራስዎ ይዘኑ፤ ለእኔም ይዘኑልኝ" አላቸው።

እንግዲህ አያ ሙጬ የሚፈሩት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ቻይነሽ ወሯ ገብቷል። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል፤ ይሄኛው ነው እዚህ የደረሰ። ጤፉም ደርሶ ማጭድ ይጠብቃል። እሳቸው ቢወሰዱ የሚያጭድም፣ አዋላጅ የሚጠራም ሰው በዚያ ቤት የለም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ከበረቱ በር ቆመው ተለማመዱ። ቻይነሽ በርጩማ ላይ ሆና ታዳምጣለች።

"ኢትዮጵያ ትቅደም! ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የማር..."

"ኧረ እዚያ ላይ!"

"ምን አልሁ?"

"ሊሏት ነበር እኮ!"

እንደገና ጀመሩ። እንደገና "የማር" ላይ ሲደርሱ ቻይነሽ አጨበጨበችባቸው። "'ስማ' የሚለውን ጭራሽ ይተዉት። እሱ ነው የሚጎትትዎት። 'ትቅደም' ብለው ወደ ነገሩ ይግቡ።" እንዳለቻቸው አደረጉ። በሬዎቹ ግን "ስማ" ሲባል ቀና ያሉትን ያህል "ትቅደም" ሲባል ጆሯቸውን እንኳ አላቆሙም። "አይ፣ እነዚህስ ፀረ አብዮት ናቸው" አለች ቻይነሽ። ሆዷን ይዛ እስኪያማት ሳቀች። ሳቁ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። አያ ሙጬም ትከሻዋን መታ መታ አድርገው፣ "አፌ እኮ የእኔ ብቻ አይደለም አንቺ፤ የአባቴም ነው። ነገ ግን እይዘዋለሁ" አሏት።

ቅዳሜ ገበያው ከመቼውም በላይ ሞልቶ ነበር። በማግስቱ ኅዳር ጽዮን ናት፤ ለበዓሉ የሚገዛውም የሚሸጠውም ወጥቷል። የአውራጃው ሰው ካኪ ለብሶ ከዋርካው ጥላ ሥር ቆመ። ስዩም አጠገቡ ነው። መኪናው ከመንገዱ ዳር አፍንጫውን ወደ ፍኖተ ሰላም አዙሮ ቆሟል፤ ሾፌሩም ከውስጡ አልወረደም።

አያ ሙጬ ድንጋይዋ ላይ ወጡ። ግራ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው አነሱና መለሱት። ከዚያ፣

"ኢትዮጵያ ትቅደም!" አሉ።

በቅርብ ያለው ሰው ቀና አለ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ፣ "ኤዲያ፣ መዋጮ ነው!" አለች። ከወዲያ ደግሞ አንዱ፣ "የምን መዋጮ፣ አፈሳ ነው! ለውትድርና ሊያፍሱ ነው!" አለ። ይቺ ቃል እሳት ናት። ጎረምሳው ሁሉ በአጥሩ ዘለለ። እናቶች ቁናቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ተነሱ። ፍየል ተበተነ፤ ዶሮ ጮኸ። በሦስቱም መንገድ ሰው ይጎርፍ ጀመር።

"ኢትዮጵያ ትቅደም! ኧረ ቁሙ!" አሉ አያ ሙጬ። ማን ይቁም?

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ ሕዝቡ ወዴት ነው የሚሄደው?" አለ የአውራጃው ሰው።

ስዩም ፊቱ አመድ መሰለ። "አያ ሙጬ! ያስቁሟቸው እንጂ!"

አያ ሙጬ በዕድሜያቸው ሙሉ ገበያ እንዲህ ጀርባውን ሰጥቷቸው አያውቅም። ነገሩ ሳይሰማ ሰው ወደየአገሩ ሊበተን ነው። ሳያውቀው የሚሰብክ፣ ሳያውቀው የሚታሰርም ይኖራል። እጃቸው ብቻውን ወደ ጆሯቸው ወጣ።

"ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የማርያምን ጠላት መስሚያ ይንሳው!"

ገበያው ቀጥ አለ። እውነቴን ነው፣ አጥር ላይ አንድ እግሩን ያሻገረው ጎረምሳ እንኳ እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ። ዝንብ ስትበር ትሰማ ነበር።

አያ ሙጬም በዚያ ዝምታ ውስጥ አዋጁን አንዲት ቃል ሳይገድፉ ለፈፉት። ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ አጥር ውጭ፣ በገበያም በመንገድም፣ አሉ። መስበክ፣ መከራከር፣ አሉ። የቅዱሳንን ስም እየጠራ ሕዝብ መሰብሰብ፣ ሲሉ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። ያን ጊዜ ነው ለራሳቸውም የገባቸው። ቢሆንም አላቋረጡም፤ "ይህን የጣሰ፣ ማንም ይሁን ማን" ብለው ጨረሱት።

ከኋላ አንድ ቀልደኛ፣ "አያ ሙጬ፣ የመጀመሪያው ሰው ማን እንደሆነ ታወቀ እኮ!" አለ። ሳቅ ተነሳ፤ ሁለት ሚሊሻዎች ወደ ድንጋይዋ ሲራመዱ ግን ሳቁ እዚያው ሞተ። በአገውኛ እንኳ ሳያስደግሟቸው ይዘዋቸው ሄዱ።

የቀበሌው ቢሮ መስኮት ክፍት ስለነበር ውጭ የቆምነው ሁሉ እንሰማለን። ቻይነሽ ሰው ነግሯት ደርሳ ግንቡን ተደግፋ ቆማለች።

"አንተ አዋጅ ነጋሪ ነህ ወይስ አዋጅ ሰባሪ?" አለ የአውራጃው ሰው።

"ሁለቱንም ሆንሁ ጌታዬ፤ በአንድ ትንፋሽ።"

"ጌታዬ አይባልም። ጓድ በል።"

"እሺ ጌታዬ።"

ይህን ጊዜ እንድሪስ ሰውን እየገፋ ሳይጠራ ገባ። የእጁ ጨው እንኳ አልረገፈም። "ጓድ፣ ተሰደበ የሚባለው እኔ ከሆንሁ እኔ ልጠየቅ" አለ። "ያ ባህታዊ እመን አለኝ። ያም ሸህ ሌላውን እመን አለው። አያ ሙጬ የሚሉኝ ግን 'አህያህ ተገኝታለች' ነው። ይኸ ስብከት አይደለም፤ ደወል ነው።"

ሰውየው ቆጣ ሳይል ሰማው። ክፉ ሰው አይመስለኝም ነበር። "ጥሩ ተናገርህ። ነገ ባህታዊው ተመልሶ 'የእኔም ደወል ነው' ቢለኝስ? ሸሁስ 'የእኔንም ፍቀድ' ቢል? ላንዱ ፈቅጄ ላንዱ ልከልክል?"

አያ ሙጬ ናቸው የመለሱ።

"እውነት ነው። የወልደ ዮሐንስን ደም በእጄ ይዣለሁ። አዋጁ እኔን ካለፈ ማንንም አይዝም። በክፋት ግን አላደረግሁትም፤ ሰው ሲበተን አይቼ አፌ ቀደመኝ። ሚስቴ ወሯ ነው። እንግዲህ እንደ ወደዱ ይዳኙኝ።"

የአውራጃው ሰው ፈረደ። "ነገ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ መንገዱ ላይ ቆመህ ትደግመዋለህ። በትክክል። የቅዱስ ስም ከአፍህ ከወጣ መኪናው እዚያው ይጠብቅሃል። እስከዚያው ዋስ ጥራ።"

ዋስ ሲባል ውጭ የቆመው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ማንም አይፈረድበትም። ለንብረት ዋስ ይኮናል፤ ለሰው ምላስ፣ ያውም በጽዮን ዕለት፣ ያውም በማርያም ደጅ፣ ማን ዋስ ይሆናል?

"እኔ አለሁ" አለ እንድሪስ።

"እሱ ከሳተ አብረኸው ነው የምትሄድ።"

"ገብቶኛል።"

ሲወጡ አያ ሙጬ፣ "ምነው እንድሪስ፣ ልጆች የሉህም?" አሉት።

"ስላሉኝ እኮ ነው። ልጆቼን ያስቡና አፍዎን ይያዙልኝ።"

የዚያን ዕለት አመሻሽ አያ ሙጬ አልተለማመዱም። ቻይነሽ፣ "ምነው አይሞክሩትም?" ብትላቸው፣ "አፌን በፈታሁት ቁጥር የለመደውን ነው የሚያወጣው" አሏት። እራትም አልበሉ።

በማግስቱ ጠዋት ነጭ የለበሰው ሕዝብ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሲወጣ አያ ሙጬ ከመንገዱ ማዶ አንዲት ጉብታ ላይ ቆመው ነበር። ማርያም ማርያም የማይል አፍ አልነበረም፤ ከውስጥ ከበሮው ገና አላባራም። መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። የአውራጃው ሰውና ስዩም ከመኪናው አጠገብ ናቸው። እንድሪስ ብቻውን ከሰው ፈንጠር ብሎ፣ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

ግራ እጃቸው ወደ ጆሯቸው ወጣ። ቻይነሽ ክንዴን ጨመቀችኝ።

"ስማ! ስማ!" አሉ። ስዩም ዓይኑን ጨፈነ።

"ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!"

የወጣውም የሚወጣውም ሁሉ ቆመ። እና ያቺ ቦታ ደረሰች። የአያ ሙጬ ደረት ሲሞላ አየሁ፤ ከንፈራቸውም ሲከፈት። ያን ጊዜ እጃቸውን ከጆሯቸው አወረዱና መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ከደኑ።

ያቺ ቃል የምትወስደውን ጊዜ ያህል ዝም አሉ። ፊት የቆሙት አሮጊት፣ እመት ወለተ ኢየሱስ፣ ጎንበስ ብለው መሬት ሳሙ። ወንዶቹ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። የአውራጃው ሰው የአንዱን አፍ፣ የሌላውን አፍ አየ፤ ሁሉም ዝግ ነው።

ከዚያ እጃቸውን አነሱና አዋጁን ለፈፉ። በገበያም በመንገድም። ማንም በማንኛውም ሃይማኖት። ማንም ይሁን ማን። ድምፃቸው አልተሰነጠቀም።

የአውራጃው ሰው ጥቂት ቆሞ አያቸው። ከዚያ ለስዩም፣ "ስም አልጠራም" ብሎ ብቻውን መኪናው ውስጥ ገባ። እንድሪስ ቆቡን ራሱ ላይ መለሰ። ሰውም መንቀሳቀስ ሲጀምር አያ ሙጬ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ "ቆዩ፣ አልጨረስሁም" አሉ። ትናንት በአገውኛ ሳይደገም ቀርቷል። እጃቸውን ወደ ጆሯቸው መለሱና ከመጀመሪያው ጀመሩት፤ እዚያችም ቦታ ላይ ሲደርሱ አፋቸውን ከደኑ።